ቀይ ችካል

ወንድሜ ኖዳር መጣ፣ ሐሙስ ማታ፣ በዝናብ፤
ጃንጥላ አልያዘም፤ ይዟል አንድ ሐሳብ።
ከኮቡሌቲ ባቱሚ፣ በሚኒባስ ተጭኖ፣
መንደሪን በፌስታል፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ።

«ጉራንዳ» አለኝ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
«አርባ ሺህ ላሪ ነው፤ የጺያላን ቤት ልግዛ።
ዋጋውን ራሷ ናት ካፏ ያወጣችው፤
እኔ አልተከራከርኩም፤ ይሁን ነው ያልኳት።
ባዕድ ከሚገባ ካያታችን ግቢ፣
ያንቺ ገንዘብ ይግባ፤ ወለዱንም አስቢ።
ከመቶ አሥር ልክፈል፤ ባንክ ይህን አይሰጥሽም፤
እኔ ወንድምሽ ነኝ፤ ቆጥሬ አልክድሽም።»

አርባ ሺህ።
አሥራ ሁለት ዓመት ነው ባንድ ቃል ሲጠራ፦
ተሰሎንቄ ከተማ፣ በሰው ፎቅ፣ በሰው ጓዳ፣
የሰው አባት ሳጥብ፣ የሰው እናት ስረዳ፣
ሌሊት በሳል ድምፅ ስነቃ፣ ስሰናዳ።
የራሴን እናት ግን በስልክ ቀበርኳት፤
ኖቱን በገለጥኩ ቁጥር፣ በመሃል አገኘኋት።

ወለድ አለኝ ኖዳር። ደግ ቃል ይመስላል፤
ሰው ሰው እንደሚወልድ፣ ብርም ብር ይወልዳል።
ግን የሚወለድ ሁሉ እናት ያሻዋል፤
ይህን ማን ያምጥልኛል?
መካን ናት አክስቴ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
የኔን ወለድ ልታምጥ፣ አሁን ነው ወይ ሰዓቷ?

«ምን አስቸኮለህ?» ስለው፣
ስኳር ያልገባበት ሻዩን አማሰለ።
«ካርታውን አይቻለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት አለ።
በባሕሩ በኩል ሰፊ መንገድ ያልፋል፤
ከመንገዱ ማዶ ሆቴል ይተከላል፤
ቀይ ችካል ሰክተዋል ከማሳው ዳር ዳሩን።
እሷ አታውቅም» አለ።
አላፈረም፤ አልኮራም፤
የተኛ ሕፃን ካለበት ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው
ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ኖዳር ክፉ አይደለም።
በረዶ ጣሪያዋን የሰበረው ክረምት
መሰላል ላይ ያደረው እሱ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።
ማገዶ የሚፈልጥላት፣ መድኃኒት የሚገዛላት እሱ ነው።
ይህን ሁሉ ቆጥሬ «አስብበታለሁ» አልኩት።

ዓርብ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦
አበዳሪ ነኝ እንጂ ገዢ አይደለሁም፤
ዋጋ አልቆረጥኩም፤ ውሉ ላይ ስሜ የለም።
ቅዳሜ ግን ሽማግሌው ትዝ አለኝ፣ ስቴርጊዮስ፤
ያሥራ ሁለቱ ዓመት የመጨረሻው በሽተኛ።
ልጆቹ ከአልጋው ዳር እስክሪብቶ ካስጨበጡት በኋላ
እጁን በእጃቸው ይዘው ወረቀቱ ላይ ሲነዱት፣
«መብራቱን አስጠጊ» አሉኝ።
አስጠጋሁ።
እጁን አልያዝኩም፤ መብራት ነው የያዝኩት፤
ያን ለት ደመወዜ ሳይጎድል ተቀበልኩት።

እሑድ ወደ ኮቡሌቲ ሄድኩ።
ጺያላ ከማሳው ውስጥ ናት፤ ጎንበስ ብላ፤
ፍሬ የከበደው ቅርንጫፍ ሥር
አንድ ቀይ ችካል አስደግፋ።
«ሰዎች ጥለውት ሄዱ» አለችኝ፣ «ጥሩ እንጨት ነው፤
ይቺን ዛፍ ከመሰበር አዳናት።»

ነገርኳት። መንገዱን። ሆቴሉን። የመሬቱን ዋጋ፣
እሷ ከጠራችው አምስት እጥፉን።
አልደነገጠችም። መንደሪን ቀጠፈች፤ መላጥ ጀመረች፤
ልጣጩ ሳይበጠስ እስኪያልቅ ዝም አለች።

«ኖዳር ያውቃል?»
የመጣሁት ዋጋ ልነግራት ነበር፤
ይህን ላስብበት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።
«ያውቃል።»
«አንቺስ? መቼ ሰማሽ?»
«ሐሙስ።»
በጣቷ ቆጠረች፤ ዓርብ፤ ቅዳሜ፤ እሑድ፤
ሦስተኛው ጣቷ ላይ ትንሽ ቆየች።
ከዚያ መንደሪኑን ለሁለት ገመሰች፣
ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጠች።

በላሁት። ጣፋጭ ነበር።
ይኸው እስካሁን አልተከፈለም።